የበረሃው ዳኛ ጋዋን

«ታዲያ እግር አውጥቶ ሄደ?»

የመታጠቢያ ቤቱ በር ስስ ነው፤ የእትዬ ድምፅ ደግሞ በር የሚያስቆመው ዓይነት አይደለም። መምህርቷ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደሰካች ባለችበት ቀረች። ከበሩ ማዶ፣ በረንዳው ላይ፣ ከሳፋው አጠገብ፣ የባሏ ታላቅ እህት እትዬ አጣቢዋን አቁማ እየመረመረቻት ነው። አጣቢዋ በሳምንት ሁለት ጠዋት እየመጣች የምታጥብ፣ እጇን ውሃ ሲነካው ማንጎራጎር የሚቀናት ሴት ናት። ዛሬ ግን እንጉርጉሮው ቀርቶ ትንፋሿም አይሰማም ነበር።

«ወስጄው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው እትዬ» አለች በመጨረሻ።

«ዓይንሽን ለራስሽ ያዥው፤ እኔ የጠየቅኩሽ የወንድሜን ጋዋን ነው። እዚህ ቤት እኔ አለሁ፣ እሷ አለች፣ አንቺ አለሽ። እኔ አልወሰድኩም። እሷ የተማረች ሰው ናት። ማን ቀረ?»

«እኔ ቀረሁ» አለች አጣቢዋ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷት።

«ማታ ተያዥሽን ይዘሽ ነይ። ያስቀጠረሽ ሰው ባለበት እንነጋገራለን።»

መምህርቷ በሩን በርግዳ «እኔ ነኝ የወሰድኩት» ማለት ነበረባት። ግን አፏ በአረፋ ተሞልቷል፤ እውነት የሚናገር ሰው ደግሞ መጀመሪያ መጉመጥመጥ አለበት። ተጉመጠመጠች። ከዚያ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ ፎጣዋን ልታነሳ ዞረች። ፎጣው የሚንጠለጠለው ከበሩ ጀርባ፣ ከባዶው መስቀያ ጎን ነው። ባዶውን መስቀያ ስታይ ፊቷን እንደገና መታጠብ አማራት። ወደ በረንዳው ስትወጣ አጣቢዋ ሄዳለች፤ የቀረው ሳፋውና ውስጡ ቀስ እያለ የሚከስም የሳሙና አረፋ ብቻ ነበር።

ጋዋኑ ከገላ መታጠብ በኋላ የሚለበስ፣ ጥቁር ቀይ ነው፤ ወፍራም፣ አንገትጌው የሳሳ፣ ከታችኛው ጠርዙ በውስጥ በኩል እትዬ ድሮ በካውያ ያሳረረችው ቡናማ ጠባሳ ያለበት። የመምህርቷ ባል ካረፈ በኋላ እትዬ ሸሚዙንም ኮቱንም አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ቆልፋለች። ጋዋኑን ግን ማንም አላወረደውም፤ እሱ ራሱ የሰቀለው ነበርና። ሁለቱ ሴቶች በየጠዋቱ ከጎኑ ይታጠባሉ፣ ከጎኑ ፎጣ ያነሳሉ፣ በሩ በተዘጋ ቁጥር እጅጌው ሲወዛወዝ ያያሉ፤ ስለ እሱ ግን አንድም ቀን ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ከሳምንታት በፊት የታሪክ ክፍለ ጊዜው ዳኛ ፈለገ፣ ዳኛው ደግሞ ካባ ፈለገ። መምህርቷ ጋዋኑን አውርዳ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ለልጆቹ ነው አለች ለራሷ። ግማሹ እውነት ነበር፤ ስለ ቀረው ግማሽ ራሷን አልጠየቀችም። እትዬ ምንም ሳትል ሳምንታት ሲያልፉ አላየችም ማለት ነው ብላ ደመደመች። ለካስ እትዬ ዝም ያለችው እየፈለገች ኖሯል።

ቁርስ ቀርቧል። እትዬ እንቁላሉን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት፣ ዳቦውንም ቆረሰችላት፣ ሳሙና ስንት እንደገባና በዚህ ዋጋ ላይ ደግሞ ለሌባ ሳሙና ማቅረብ እንዴት እንደሚያንገበግብ አወራችላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ አይጧ እዚህ ቤት ቁርስ ቀርቦላት እንቁላል ትበላ ነበር።

«እትዬ፣ ምናልባት እኮ እዚሁ የሆነ ቦታ ይኖራል» አለች መምህርቷ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ።

«የት?»

«እኔ እንጃ። ከፎጣ ሥር…»

«ከፎጣ ሥር ያለው ግድግዳ ነው» አለች እትዬ፣ ሻይዋንም ፉት አለች።

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው አዲስ አልነበረም፤ የቤት ዕቃ ያህል የለመዱት ነው። መምህርቷ ግን በዝምታው ውስጥ ዕቅድ አወጣች። ጋዋኑን ዛሬ ከትምህርት ቤት ታመጣዋለች፣ ማንም ሳያይ መስቀያው ላይ ታደርገዋለች፣ ትልቁን ፎጣ ከላዩ ትጥልበታለች። ዕቃ ጠፍቶ ይገኛል፤ ሲገኝ ደግሞ ማንም አልወሰደውም ማለት ነው። አጣቢዋ ትድናለች፣ እትዬ ታፍራለች፣ እሷም ያንን ሁሉ ጊዜ ያልተነገረ ነገር መናገር አይጠበቅባትም። ዕቅዱ በጣም ስላስደሰታት ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየሮጠች ወጣች፤ ምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ረስታ።

የትምህርት ቤቱ መርጃ መሣሪያ ክፍል ድሮ የወንበር መጋዘን የነበረ፣ አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የዓለም ካርታ ከዘመኑ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ከፈረሱ የቆዩ አገሮችን ዛሬም ያለ ሐሳብ ያስተዳድራል። ሉሉን ዋናው መሥሪያ ቤት ለጥገና ብሎ ከወሰደው ቆይቷል፤ ዓለም ከዚያ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰችም። መሀል ላይ ትልቅ የመስታወት ቁም ሳጥን ቆሟል። በውስጡ ለዓለም ባህል፣ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ማስተማሪያ ተብለው በስጦታ የመጡ ልብሶች፣ ቆቦችና ጭምብሎች ነበሩ። ነበሩ ይባላል እንጂ ማንም ነክቷቸው አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ከወገቡ አንጠልጥሎ ስለሚዞር፣ መምህራኑ ከኋላው ጋሽ ቁልፉ ይሉታል። ልጆቹ የዓለምን ባህል የተማሩት አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ነው፤ እሱም በየሳምንቱ የአፍንጫ ምልክቱን በጨርቅ ይወለውላል።

ስለዚህ መምህርቷ የራሷን ዓለም በካርቶን ሠርታለች። ካርቶኑ ውስጥ ፓስታ በማይቀቀልበት ቀን ከቤት የምታመጣው የእትዬ የፓስታ ማጥለያ አለ፤ ጦርነት ሲኖር ራስ ላይ ይደፋል። ዓሣ የታተመበት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ አለ፤ ባሕርም ይሆናል፣ ንግሥትም ያለብሳል። ወንፊት አለ፣ የተሰበረ ማራገቢያ አለ፣ ከሁሉም በላይ ጋዋኑ አለ። ልጆቹ እያነሱ፣ እየለበሱ፣ እየተሻሙ፣ የሩቅ አገር ሰው ተረት ሲነበብ ራሳቸው ሩቅ አገር ይሄዱ ነበር።

ዛሬ ካርቶኑ ባዶ ነው። መምህርቷ ቀና ስትል ጋሽ ቁልፉ መስታወቱን እየወለወለ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ አየችው።

«አዳንሽኝ!» አላት። «ሱፐርቫይዘሩ ዛሬ ጠዋት ነው የሚመጣው። ትናንት አቧራ ላራግፍ ብዬ ስከፍተው፣ ልብሱ ሁሉ በብል አልቋል። በብል! አንድ ሰው ሳይነካው!»

«ስላልተነካ እኮ ነው ጋሼ።»

እሱ ግን አልሰማትም። የሷን ካርቶን ገልብጦ ቁም ሳጥኑን ሞልቶታል። ለእያንዳንዱ ዕቃ መግለጫ በኮምፒውተር አስጽፎ ለጥፏል። ከማጥለያው ሥር «የባሕር ማዶ ተዋጊ የራስ ቁር፤ ቀዳዳዎቹ ለአየር» ይላል። ከመጋረጃው ሥር «የደሴት ሕዝቦች የክብር ልብስ»። መሀል ላይ ጋዋኑ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ክንዱን ዘርግቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «የበረሃ ዳኛ ካባ (ጥንታዊ)» ተብሎ ተጽፏል።

«ጥንታዊ?»

«አርጅቷል እኮ» አለ ጋሽ ቁልፉ። ሌሊቱን ሲያስበው ያደረ ይመስላል፤ ሰው የራሱን ውሸት ደጋግሞ ሲያነበው ማመን ይጀምራል። «አየሽው? ግርማ አለው።»

ግርማስ ነበረው። መምህርቷ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርሃን አይታው ስለማታውቅ ለአፍታ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚያ ጉሮሯን ጠረገች። «ጋሼ፣ ይሄ የቤቴ ዕቃ ነው። ዛሬ ማታ ያስፈልገኛል።»

«ሱፐርቫይዘሩ ይሂድና ውሰጂው። ማን ይነካብሻል?» አለና ቁልፉን አዙሮ ቆለፈው።

ሱፐርቫይዘሩ አጭር፣ ቦርሳው ከሱ የሚከብድ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተሰበረ መስኮትና የማይዘጋ በር ሲመዘግብ የኖረ ስለሆነ፣ የሚወደው ነገር ያገኛል ብሎ ወደ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። በመምህራን ማረፊያ ሻይ ጠጥቶ፣ ስለ ታክሲ ዋጋ ከሁሉም ጋር ተማርሮ፣ መርጃ ክፍሉን እንደ ግዴታ ሊያይ ገባ። ጋዋኑ ፊት ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«ይሄ… ይሄን የት ነው ያገኛችሁት?»

ጋሽ ቁልፉ ወደ መምህርቷ አየ፣ ወደ ጣሪያውም አየ። «ከግለሰብ ስብስብ ነው» አለ።

«ግለሰቡ በሕይወት አሉ?»

«የሉም» አለች መምህርቷ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለሱፐርቫይዘሩ የተነገረው የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። «እንዲህ ያለ ቅርስ እዚህ ተደብቆ መቅረት የለበትም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ኤግዚቢሽን ዛሬውኑ በመኪናዬ እወስደዋለሁ። አይዟችሁ፣ ይመለሳል።»

መምህርቷ ሉሉን አሰበች። ቀጥላ ማታ ተያዥዋን ይዛ የምትመጣውን ሴት አሰበች፤ ቀጥላም ባዶውን መስቀያ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። «ጌታዬ» አለች፣ በክፍል ውስጥ ብቻ በምትጠቀምበት ረጋ ባለ ድምፅ፣ «መርጃ መሣሪያ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ይመዘናል? ሲሠራበት ቢያዩት አይሻልም? አሁን ክፍለ ጊዜዬ ነው፤ ልጆቹ ችሎት ይቀመጣሉ። ዳኛው ይህን ለብሶ ሲፈርድ ይዩና ከዚያ ይወስኑ።»

«ይቀደዳል!» አለ ጋሽ ቁልፉ።

«ክፈቱት» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

ጋዋኑ ወጣ፤ መጋረጃውና ወንፊቱም ተከተሉት። ደረጃውን ሲወጡ መምህርቷ አቅፋው ነበር፤ ጭንቅላቷም ይሠራል። ደወል ሲደወል ልጆቹ እንደ ጎርፍ ይወጣሉ፤ ጋዋኑም በጎርፉ ውስጥ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ማን ወሰደው ቢባል፣ ልጆች ናቸዋ፣ ልጅ ያለበት ቦታ ዕቃ ይጠፋል። እዚህ ላይ ሐሳቧ ተደናቀፈ። ልጆች ናቸዋ። ጥፋቷን የምትጭንበት፣ ከጠዋቱ አጣቢ የተሻለ ሌላ አጣቢ እያገኘች ነበር። ደረጃው መሀል ላይ ቆማ ጋዋኑን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችው፣ የከበዳት አስመስላ።

ልጆቹ ሱፐርቫይዘሩን ሲያዩ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ተቆነጣጠጡ። እሱ ከኋላ ባለ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ተቀመጠ፤ ጋሽ ቁልፉ ቁልፎቹን በእጁ ጨብጦ ድምፅ እንዳይሰጡ ያዛቸው። ሰሌዳው ላይ ከባለፈው ክፍለ ጊዜ የተረፈ ጽሑፍ አለ፦ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በሁለት ወንዞች መሀል ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፣ ሰውን በሐሰት የከሰሰ ተከሳሹ ሊደርስበት የነበረው ቅጣት በራሱ እንዲደርስበት ይፈርዱ ነበር። ዳኛ የሆነችው ለምኔ የሚሏት ልጅ ናት፤ የማትጠይቀው ነገር ስለሌለ የወጣላት ስም ነው። ጋዋኑን ስትለብሰው እጅጌው ከጣቶቿ አልፎ ተንዘላዘለ፣ ጠርዙም ወለሉን ጠረገ። እጅጌውን ሰብስባ ጠረጴዛውን መታች።

«ዛሬም የጠፋችው አህያ ናት?» አለች።

«አህያዋ ናት» አለች መምህርቷ።

«ለምን ሁልጊዜ አህያ?» ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ። አህያዋ በዚህ ወር ብዙ ጊዜ ጠፍታ ተገኝታለች።

«እሺ» አለች መምህርቷ፤ ቀጥሎ ከአፏ የወጣው አስባ የተናገረችው አልነበረም። «አንዲት ሴት ልብስ ጠፋባት። የሟች ወንድሟ ልብስ ነው። አጣቢዋን ከሰሰች።»

ድምፀ ጎርናናው ልጅ መጋረጃውን ተከናንቦ፣ ዓሣዎቹን ደረቱ ላይ አጣፍቶ፣ ከሳሿን ሆኖ ብድግ አለ። ተከሳሿ ደግሞ ከፊት ወንበር የተመረጠች ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ወንፊቱን እንደ ሳፋ ይዛ ቆመች።

«ክቡር ዳኛ፣ ልብሱን የወሰደችው እሷ ናት!»

«ለምን እሷ?»

«ሌላ ማን ይሆናል? ድሃዋ እሷ ናት!»

ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ አልሳቀችም፤ ይህን ቃል ለልጁ አልሰጠችውም።

«ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም?» አለች ዳኛዋ።

«የወንድሜ ሚስት አለች።»

«ተጠይቃለች?»

«እሷማ መጽሐፍ ታነባለች!»

«ታዲያስ? የሚያነብ ሰው እጅ የለውም? የወንድሟ ሚስት ትቅረብ!»

ልጆቹ ዞረው ተፈላለጉ። የወንድሟን ሚስት የሚሆን ሰው አልተመደበም። ለምኔ ትንሽ አሰበችና አንገቷን ከጋዋኑ ውስጥ አስግጋ «መምህር፣ ሰው አልቆብናል። እርስዎ ይሁኑልን» አለች። እምቢ እንዳትል ሱፐርቫይዘሩ በደስታ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ እያያት ነው። መምህርቷ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ እጇን አራገፈች፣ ወደ መሀል ወጥታ ቆመች። ልክ ያኔ በሩ ተከፈተ።

እትዬ ነበረች። ሰው ትጣላለች እንጂ ሰው ጦሙን ሲውል አትወድም፤ የተረሳውን ምሳ ዕቃ በጨርቅ ቋጥራ፣ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታለች። «ይቅርታ፣ ምሳዋን…» ብላ ጀመረችና ዓይኗ ዳኛዋ ላይ አረፈ። ቃሉ ግማሽ ላይ ቀረ። ምሳ ዕቃውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ችሎት ላይ ነን፣ ይቀመጡ እማማ» አለች ለምኔ። እትዬ ተቀመጠች። ዳኛዋ ወደ ምስክሯ ዞረች። «መምህር፣ በሕግ ፊት አንቺ ነው የምለው፣ እንዳይቀየሙኝ። ልብሱን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?»

መምህርቷ አሁን የምትሸሸግበት በር የላትም፣ አፏም ንጹሕ ነበር።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ይህ ጥያቄ በአህያዋ ክስ ተነስቶ አያውቅም። ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። «በየጠዋቱ ተሰቅሎ ሳየው» አለች መምህርቷ፣ ለዳኛዋ እየተናገረች፣ «ሰው የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ሰው እንዲለብሰው ፈለግኩ።»

«እሺ። ታዲያ አጣቢዋ ስትከሰስ ለምን ዝም አልሽ?»

«አፌ ውስጥ የጥርስ ሳሙና ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ጉልበቱን መታ። ለምኔ ግን ፊቷን አልፈታችም፤ እጅጌዋን እንደገና ሰብስባ ጠረጴዛውን ደበደበች። «ይሄ ምክንያት አይደለም!»

«አይደለም» አለች መምህርቷ።

ዳኛዋ ሰሌዳውን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ የጋዋኑን አንገትጌ አገጯ ድረስ ሳበች። «በሕጋችን መሠረት፣ በሐሰት የከሰሰች ትቀጣለች። እያወቀች ዝም ያለችም ከእሷ አትሻልም። ስለዚህ ለአንድ ወር የቤቱን ልብስ ሁለቱም ራሳቸው ይጠቡ። አጣቢዋ ደግሞ ደመወዟን እየተቀበለች ቁጭ ብላ ትያቸው። ካልጠራ እንደገና ይጠቡት!»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ጋሽ ቁልፉ ነው። ልጆቹ ተከተሉት። ሱፐርቫይዘሩ ዓይኑን እየጠረገ መጣ። እንዲህ ያለ ትወና አይቶ እንደማያውቅ፣ በተለይ መምህርቷ ሲጠየቁ ያሳዩት ስሜት እውነተኛ እንደሚመስል ተናገረ። ከዚያ እጁን ወደ ጋዋኑ ዘረጋ። «አሁን ጥርጥር የለኝም። ይሄ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል።»

እትዬ ቀደመችው። ምሳ ዕቃውን መምህርቷ እጅ ውስጥ አስቀምጣ ሳታያት አለፈች፤ ለምኔ ፊት በርከክ ብላ የጋዋኑን ጠርዝ ገለበጠች። ቡናማው ጠባሳ እዚያው ነበር። በአውራ ጣቷ ደጋግማ አሸችው።

«ቀስ ይበሉ እናቴ፣ ጥንታዊ ነው» አለ ሱፐርቫይዘሩ። «ይህ ምልክት ምንድን ነው?»

«የጋለ ብረት የነካው ነው» አለች እትዬ። እሱ ጻፈ። ጋሽ ቁልፉ ምራቁን ዋጠ።

መምህርቷ ጠበቀች። እትዬ አሁን ተነስታ ይህ የመታጠቢያ ቤት ጋዋን ነው፣ ያም የቤቴ መጋረጃ ነው ብትል፣ የትምህርት ቤቱም የእሷም ጉድ እዚያው ያበቃል፤ ልትልም መብቷ ነው። እትዬ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ከገባች ወዲህ መምህርቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት፤ ረጅም፣ ሳፋ ሙሉ ልብስ የሚያሳጥብ አስተያየት። ከዚያ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዞረች።

«ልጄ፣ ይሄ ካባ እርስዎ ጋ ማደር አይችልም።»

«ለምን?»

«የዳኛ ካባ ከዳኛው ቤት ውጭ አያድርም። ቀን ቀን ለፍርድ ይወጣል፤ ሲመሽ ወገኖቹ ይመልሱታል፣ እሱ በሰቀለበት ቦታ ይሰቅሉታል። ወጉ ይሄ ነው። ውጭ ያደረ እንደሆነ…» አለችና ቀሪውን ላለመናገር እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሱፐርቫይዘሩ እጁን ከጋዋኑ ቀስ ብሎ ሰበሰበ። «ይህን በምን አወቁ እናቴ?»

«ከዳኛው ወገን ነኝ» አለች እትዬ።

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። ወጉን ቃል በቃል ጽፎ፣ ከሥሩም አሰመረበት፣ እንዲህ ያለ ወግ መዝግቦ እንደማያውቅም ነገራት። ባዶ እጁን ግን አልሄደም። ውጭ ማደር የሚችል ሌላ ቅርስ እንዳለ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ቁልፉ እየሮጠ ወርዶ የባሕር ማዶውን ተዋጊ የራስ ቁር አመጣለት። እትዬ ማጥለያዋ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል በሁለት እጅ ተይዞ መኪና ውስጥ ሲገባ ከመስኮቱ ሆና አየች። ተከትለውት የወረዱት ልጆች ቁም ሳጥኑ ክፍት መቅረቱን ያዩት ያኔ ነው። ጋሽ ቁልፉ ሊዘጋው ሄደና በሩን እንደያዘ ቆመ፤ በብል ያለቁትን ልብሶች ሳያስታውስ አልቀረም። ቁልፉን ሳያዞር ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ወደ ቤት ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሄዱ፤ ፌስታሉን እትዬ ይዛለች። የአትክልት ሻጩ ጋ ቆመው በቲማቲም ዋጋ ተገረሙ፣ ሳይገዙ አለፉ። ደጃፋቸው ሲደርሱ እትዬ ቁልፍ እየፈለገች «የጥርስ ሳሙና» አለች፣ ለበሩ እንደምትናገር። መምህርቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ የእትዬ ትከሻ ግን ቀድሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሩ እስኪከፈት ድረስ ሁለቱም እየሳቁ ነበር፣ በኋላም እትዬ በመሐረቧ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ለሳቁ ብቻ እንዳልሆነ መምህርቷ አየች፤ ያየች ግን አልመሰለችም።

አጣቢዋ ከተያዥዋ ጋር በረንዳው ላይ ስትደርስ ገና አልጨለመም። ተያዥዋ የጎረቤቱ ሕንፃ ጥበቃ ነው፤ ለጠብ ተዘጋጅቶ፣ ቆቡን አጥብቆ መጥቷል። ሁለቱም ያዩትን ሊያምኑ አልቻሉም። እትዬና መምህርቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሳፋውን መሀል አድርገው፣ አንሶላ ያሻሉ።

«ኧረ ምን ሆናችሁ ነው?» አለች አጣቢዋ።

«ተፈርዶብን ነው» አለች እትዬ፣ ቀና ሳትል። «ጋዋኑ ተገኝቷል። የወሰደው የቤት ሰው ነው። የወነጀልኩሽ ደግሞ እኔ ነኝ። ቁጭ በይ።»

«እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ» አለች መምህርቷ። ጠዋት መስታወት ፊት ያላገኘችው ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል አጭር ነበር። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አጣቢዋ ዱካዋን ስባ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ የአንሶላውን ጠርዝ በሁለት ጣት አንስታ አየች። ተያዥዋ የሚጣላው ሰው ስላጣ ቆቡን አወለቀ። «እንደሱ አይጨመቅም እትዬ» አለች አጣቢዋ በመጨረሻ። «ወደ ግራ። ጠምዝዢው። መምህር፣ አንቺ ደግሞ ማሻሸት ነው እንጂ መዳበስ አይደለም።» ትንሽ ቆይታም ማንጎራጎር ጀመረች። ቅጣቱ ጣፍጧት ነበር።

ኋላም ፌስታሉን አይታ ጋዋኑን አወጣችው። ጠርዙ በወለል አቧራ፣ እጅጌው በጠመኔ ነጭ ሆኗል። «ይሄስ? ይታጠብ?»

«ተዪው!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እትዬ የስፌት ቆርቆሮዋን አምጥታ ከመብራቱ ሥር ተቀመጠች። ጋዋኑን በዱስተር ሳይሆን በመዳፏ አራገፈችው። እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጠፈች፣ ለካች፣ መርፌውን ለመምህርቷ ሰጠቻት፤ ዓይኗ ክር ማስገባት ትቶ ነበርና። መምህርቷ ክሩን አስገብታ መለሰችላት። እትዬ ሰፋ ሰፋ አድርጋ፣ ሲፈለግ በአንድ ሳብታ እንዲፈታ አድርጋ ሰፋችው።

«ነገ ፓስታ በምን ላጥልል ነው?» አለች ከስፌቱ ሳትነሳ።

«እንጃ። ወንፊቱን አመጣዋለሁ።»

«ሰኞ ልጅቷ ትፈልገዋለች?»

«ትፈልገዋለች።»

«ሲመሽ ግን ይመለሳል።»

«ይመለሳል እትዬ።»

እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ተነስታም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደች፤ በሩ ሲዘጋ ጋዋኑ ባጠሩ እጅጌዎቹ መወዛወዙ ተሰማ።